ቀለም የማይለቅ ገበር

ሚሊ ያልነው በሚሊሜትር ስለሚያወራ ነው። ሌላው ልብስ ሰፊ «ትንሽ እናጥብበው» የሚለውን እሱ «አራት ሚሊ እናስገባ» ይላል። ደንበኛው ሱሪው ልክክ እንዳለለት እየማለ ሊሄድ ሲነሳ፣ ሚሊ ከፊቱ ተንበርክኮ ሁለቱን እግሮች ያስተያያል። «የግራ እግርህ በሦስት ሚሊ ትረዝማለች፤ ቅምቅማቱን ላስተካክለው» ይለዋል። ሰውየው ሃምሳ ዓመት ሙሉ ሳያውቃት የኖረችውን ሦስት ሚሊ ተሸክሞ ወደ ቤቱ ይገባል። ከዚያ ወዲህ እያነከሰ የመጣብን ደንበኛ ሁሉ አለ።

እኔ ከጎኑ ተቀምጬ ቁልፍ እተክላለሁ፣ ጫፍ እቀመቅማለሁ፣ ያለቀውን እተኩሳለሁ። አሥራ ሰባት ዓመት ትከሻ ለትከሻ ሠርተናል። ስለዚህ የማወራው ሰው የነገረኝን አይደለም፤ ዓይኔ ያየውን ነው። ማየት ሲገባኝ ያላየሁትም አለበት፤ እሱ ነው እስከ ዛሬ የሚያናድደኝ።

ሱቃችን ከአንድ ፎቅ ደረጃ ሥር የተሸጎጠች ናት። ሰው በወጣ በወረደ ቁጥር አቧራው አናታችን ላይ ይራገፋል፤ ረጅም ደንበኛ ከመጣ አንገቱን ደፍቶ ነው የሚለካው። ሚሊ ከሱሪ በቀር ሌላ አይሰፋም። ሹፌሮች፣ የጥበቃ ሠራተኞች፣ ገንዘብ ያዦች፣ ባጭሩ ተቀምጦ የሚውል ሰው ሁሉ እሱ ዘንድ ይመጣል። ምክንያቱም የመቀመጫውን ስፌት ሁለቴ ከሄደበት በኋላ አጥፎ ሦስተኛ ይደግመዋል። ጨርቁ አልቆ ወንፊት ሲሆን ያቺ ስፌት ብቻዋን እንደ ገመድ ተገትራ ትቀራለች። የሚኮራው በዚህ ነበር። ሚስት አላገባም፣ መጠጥ አይወድም፤ ከቤት ወደ ሱቅ፣ ከሱቅ ወደ ቤት ነው። ቤት የሚጠብቁት እናቱ ናቸው።

እማማ ባላቸው የሞቱባቸው ሚሊ ገና ዳዴ ሲል ነው። ትምህርት ቤት እያጸዱ ብቻቸውን አሳደጉት። ቤታቸው አንድ ክፍል ናት። ልጁ ከፍ ማለት ሲጀምር እማማ በክፍሉ መሃል አንሶላ ሰቀሉ፤ ሚሊ ስፌት ሲለምድ ደግሞ ያንን አንሶላ በወፍራም መጋረጃ ተካላቸው። በዚያች ጠባብ ቤት ያን ሁሉ ዓመት አብረው ሲኖሩ እማማ ሹራብ ሲያወልቁ እንኳ አይቷቸው አያውቅም። «የእናቴን ጉልበት አይቼው አላውቅም» ብሎኛል አንድ ጊዜ። እኔ እናቴ ስትታጠብ ጀርባዋን እያሸሁላት ነው ያደግሁት፤ ነገሩ ገረመኝ። እሱ ግን የሰው ሁሉ እናት እንዲህ ይመስለው ነበር።

ባለፈው ዓመት ክረምት እማማ ደጃፋቸው ላይ አዳለጣቸውና ወደቁ። ወገባቸው ተጎዳ። ሁለት ወር ተኝተው በምርኩዝ ተነሱ፤ ሽንታቸው ግን ከዚያ ወዲህ አልታዘዝ አላቸው። ሐኪሙ ነርቭ ነው፣ በሰማንያ አንድ ዓመት ዕድሜ ይመለሳል ብዬ አላታልላችሁም አለ። ሚሊ ግን ከሐኪሙ በፊት ከወንበሩ ነው ያወቀው። ከሥራ ሲገባ ወንበሩ ርሶ ያገኘዋል። «ውሃ ደፍቼ ነው» ይሉታል። በማግስቱም ውሃ ደፉ። በሳልስቱም ደፉ።

«አንቺ፣ እናቴ ውሃ መጠጣት ትታለች መሰለኝ፣ የቀዳችውን ሁሉ ትደፋዋለች» አለኝ አንድ ቀን፣ ጨርቅ እየቆረጠ። ሲጀምር እየሳቀ ነበር። ከዚያ መቀሱን አስቀምጦ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ትከሻው ሲንቀጠቀጥ እኔ ካውያዬን አየሁ።

በተዘዋዋሪ የጠየቀኝም ያን ቀን ነው። «እህት አልወለደችልኝ» አለ። «ጠዋትና ማታ ብቅ የምትል አንዲት የምታውቃት ሴት ብትኖር እኮ ሌላው ሁሉ ቀላል ነበር።» አፌ ውስጥ አምስት ስፒል ይዤ ነበር፤ ቅምቅማት ስይዝ ልማዴ ነው። ስፒል በአፉ የያዘ ሰው አይናገርም፤ እሱም ያንን ስለሚያውቅ መልስ አልጠበቀም። መትፋት እችል ነበር። ቤቴ ደግሞ የራሴ ልጆች፣ የራሴ ምድጃ፣ የራሴ ድካም አለኝ ብዬ በልቤ ደረደርኩና ስፒሎቹን አንድ በአንድ ጨርቁ ላይ ሰካኋቸው። አምስተኛውን ስጨርስ እሱ የስፌት መኪናውን መርገጥ ጀምሯል።

በቀን የምትከፈል አንዲት ሴት ቀጠረ። እማማ የመጀመሪያውን ቀን በወጉ አስቀምጠው አጫወቷት፤ በሁለተኛው ቀን በሩን ቆለፉባት። «የማላውቃት ሴት ገላዬን ከምትገልጠው ሞቴን እመርጣለሁ» አሉ። ሚሊ ይቺን ቃል እንደ ሕግ ያዛት። ከዚያ ወዲህ ሌት ተቀን የሚያስበው አንድ ነገር ብቻ ሆነ፤ እናቱ ደረቅ ሆነው እንዲውሉ፣ ገላቸውን ግን ማንም እንዳያይ፣ እሱ ራሱም ቢሆን።

ፋርማሲ አብሬው ሄድኩ። ያን ያህል እንኳ ላድርግለት ብዬ ነው። ምሳ ሰዓት ነበርና ሰልፉ እስከ በሩ ደርሷል። ተራው ሲደርስ ሚሊ በመስኮቷ ቀዳዳ አፉን አስጠግቶ ሊያንሾካሹክ ሞከረ። ፋርማሲስቷ ገና ልጅ እግር ናት።

«ዳይፐር ነው ያሉኝ? ልጁ ስንት ወሩ ነው?» አለች፣ ሰልፉ በሙሉ እንዲሰማ።

«የአዋቂ ነው።»

«የአዋቂ? ለእርስዎ ነው ጋሼ?»

ከኋላችን አንዱን ሳል ያዘው። ሚሊ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠው በወደደ። «ለእሱ ይሁን ለጎረቤቱ ምን አገባሽ? አውጪና አሳዪን!» ብዬ ጮህኩባት። ልጅቷ ክፉ አይደለችም፤ ደንግጣ ወደ ዳር ወሰደችንና ሁለት ዓይነት አውጥታ በደንብ አስረዳችን። አንደኛው ጎንና ጎኑ ላይ የሚጣበቅ ነው። ርካሹ እሱ ነው፤ ነገር ግን በሽተኛው ተኝቶ ሌላ ሰው ከሥሩ አንጥፎ ነው የሚያስርለት። ሁለተኛው እንደ ሙታንታ ነው፤ ባለቤቱ በራሱ እጅ ያወልቀዋል፣ በራሱ እጅ ይለብሰዋል። ዋጋው እጥፍ ነው፤ በቀን ደግሞ ቢያንስ አራት ይፈልጋል። ሚሊ ሦስት ሚሊ ሲያሳድድ ቀኑ የሚያልቅበት ሰው ነውና ይህን የሚሸፍን ሱሪ በወር አይጨርስም።

«ርካሹን ራሷ ብታስረውስ?» አላት።

«ወገባቸው ተጎድቶ? አይሆንም ጋሼ። ይላላል፣ ያፈሳል። እሱ ሰው ይፈልጋል። የሚታጠብ ጨርቅ የሚጠቀሙም አሉ። ብቻ የቱንም ይውሰዱ፣ እርጥቡ ሳይቆይ ይቀየርላቸው። ቆዳቸውን ደግሞ በየቀኑ የሚያይ ሰው ይኑር፤ ታፋቸውን፣ መቀመጫቸውን። መቅላት ከጀመረ ቶሎ ይምጡ።»

ሚሊ ከዚህ ሁሉ የሰማው «የሚታጠብ ጨርቅ» የሚለውን ነው። ዳይፐሩን ገልብጦ፣ በጣቱ ዳብሶ፣ ወደ መብራቱ አንስቶ ሲመረምረው ነበር። «ስፌት እኮ የለውም!» አለኝ መንገድ ስንሻገር። «በሙጫ የተያያዘ ነገር በዚህ ዋጋ! እኔ የተሻለ እሰፋላታለሁ።» እንዲያ ፊቱ ሲፈካ ካየሁት ቆይቼ ነበር። እኔም ደስ አለኝ። እውነቱን ልናገር፣ ሸክሙ ከራሴ ትከሻ የወረደ ነው የመሰለኝ።

ሦስት ቀን ሙሉ የደንበኛ ሥራ አልነካም። የውጩን ከዝናብ ልብስ ጨርቅ፣ መሃሉን ከድርብ ፎጣ፣ ገላ የሚነካውን ገበር ከለስላሳ ጥጥ አደረገው። ወገቡና እግሮቹ ላይ ላስቲክ አስገባ። ለገበሩ የወይን ጠጅ ቀለም መረጠ፤ ነጭ ሁሉን ስለሚያሳይ «ስታወልቀው እንዳትሳቀቅ» ብሎ ነው። እናቱን በሜትር መለካት አይታሰብም፤ ከወንበራቸው ሲነሱና ሲቀመጡ በዓይኑ ለካቸው። የቆረጠው የሱሪ ቅድ ነው፤ ሌላ መቼ ያውቃል! ከኋላ መሃሉ ላይ ያቺን የታወቀች ስፌቱን ሁለቴ ሄደባት፣ አጠፈ፣ ሦስተኛ ደገመ። ስምንት ሰፋ። ተኩሼ ያጣጠፍኩለት እኔ ነኝ። ጣቴ በዚያች ስፌት ላይ ስምንት ጊዜ አልፏል፤ ጥንካሬዋን አደነቅሁ እንጂ ምንም አልታየኝም።

በማግስቱ ሱቅ የገባው እየዘፈነ ነው። ድምፁ ለዘፈን አይሆንም፤ ግን ዝም በል አላልኩትም።

«ወንበሩ ደረቅ! አንሶላው ደረቅ! ምን አለችኝ መሰለሽ? ‹ልጄ ሰፍቶልኝ ሌላ ምን እፈልጋለሁ› አለችኝ።»

ሥርዓት አበጁ። ጠዋት ንጹሑን አጣጥፎ ከመጋረጃው ጀርባ ያስቀምጣል። እማማ በራሳቸው ይቀይራሉ፤ ያወለቁትን ክዳን ባለው ባልዲ ይከታሉ። እሱ ቤት ሲሆን ሬዲዮውን ከፍ ያደርገዋል፣ የመጋረጃው ጀርባ ድምፅ እንዳይሰማው። ከሥራ ሲመለስ ባልዲውን ወደ ጓሮ አውጥቶ ያጥባል። እማማ ቀኑን ሙሉ ከመስኮቱ አጠገብ ወንበራቸው ላይ ይቀመጣሉ። እንደ በሽተኛ ተኝተው መታየት አይወዱም፤ እሱም ተኝተው ማየት አይወድም። መነሳቱ ስለሚያደክማቸው ቀኑን የሚቀይሩት ሁለቴ ብቻ እንደነበር የሰማሁት ኋላ ነው።

ሰፈሩ በሙሉ ሚሊን አመሰገነው። አንዱ ደንበኛችን ሹፌር አልጋ የያዙ አባት አሉት፤ እሱም ለምኖ አራት አሰፋ። ሚሊ ለሌላውም በብዛት ልንሰፋ ነው ብሎ ልኮቹን በወረቀት ላይ ቆርጦ ግድግዳው ላይ ሰቀለ፤ ትንሽ፣ መካከለኛ፣ ትልቅ። እኔ ደግሞ በየሳምንቱ እሁድ እማማን እጠይቃለሁ። «ልጄ ያለ ሰው እጅ አኖረኝ» ይሉኛል። አፋቸውን ሞልተው ነው የሚናገሩት። በሁለተኛው ወር ግን ሲቀመጡ ወደ አንድ ጎን ማዘንበል ጀመሩ። ምን ሆነው ነው ስላቸው «ወገቤ ነዋ» አሉ። ምግብ እንደ ዱሮው አልበላ አላቸው፤ «ዕድሜ ነው» አሉ። አመንኳቸው። እግሬን አንስቼ ከዚያ መጋረጃ ጀርባ ብገባ የሚከለክለኝ አልነበረም።

በሦስተኛው ወር አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ሚሊ ጓሮ ሲያጥብ ደረስኩ። የመዘፍዘፊያው ውሃ ሮዝ መስሏል። ሚሊ ደሙ ፈልቷል።

«ይኸ ሌባ!» አለ።

«ማነው ደግሞ ሌባው?»

«ጨርቅ ሻጩ ነዋ! ሁለት ሳምንት ሆነው፣ ገበሩ ቀለም ይለቃል። ሳሙናው ይሆናል ብዬ ሳሙና ቀየርኩ፤ ያው ነው። እናቴ ገላ ላይ የሚያርፍ ነው ብዬ ነግሬው! ቆዳዋን ቢያቃጥላትስ?»

ጎንበስ ብዬ ውሃውን አየሁት። አዎ፣ ቀልቷል። ሁለታችንም የጨርቅ ሰዎች ነን፤ ቀይ ጨርቅ የተነከረበት ውሃ ሲቀላ ከቀለም ሌላ ነገር አይመጣብንም። ወጥ የምትሠራ ሴት ብታየው፣ ሥጋ የሚሸጥ ሰው ቢያየው፣ ማንም ሌላ ሰው ቢያየው ደንግጦ ይጠይቅ ነበር። እኔ ግን «ጨው ጨምርበት፣ ቀለም ይይዛል» አልኩት። ጨው ጨመረበት።

ሰኞ ጠዋት ሱቁ ሳይከፈት የገበሩን ቁራጭ በኪሱ ይዞ ወደ ጨርቅ ሻጩ ገሰገሰ። ጠብ እንዳይነሳ ተከተልኩት። ጨርቅ ሻጩ ሽማግሌ ናቸው፤ ከጥቅል ጨርቅ ተራራ መሃል መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው ተቀምጠዋል።

«እርስዎን አምኜ!» አላቸው ሚሊ ገና ከበሩ። «ለእናቴ ነው ብዬዎት ቀለም የሚለቅ ጨርቅ ይሸጡልኛል?»

«እኔ? ሠላሳ ዓመት ጨርቅ ሸጬ እንዲህ ያለኝ የለም» አሉ ሽማግሌው። «አምጣው እስቲ ቁራጩን።»

ከቴርሞስ ትኩስ ውሃ በብርጭቆ ቀዱ። ሳሙና ፈቀፈቁበት። የሚሊን ቁራጭ ነክረው በጣታቸው አሹት፣ ጨመቁት፣ መልሰው ነከሩት። እንደገና ጨመቁት። ከሳሙናው አረፋ በቀር ውሃው ላይ ምንም አልታየም። ብርጭቆውን አንስተው እጁ ላይ አኖሩለት።

«ይኸው፣ የራስህ ቁራጭ ነው። ይህ ጨርቅ እኔም አንተም ብንሞት ቀለም አይለቅም። ቀዩ ሌላ ቦታ ነው ያለው፤ ሂድና ፈልገው።»

ይህን ያሉት ለመርታት ብለው ነው፤ ምን ያውቃሉ! ሚሊ ብርጭቆውን ወደ በሩ ብርሃን አንስቶ አየው። ቀድሞ የገባው እሱን ነው። ፊቱ ላይ አየሁትና እኔንም ገባኝ። ብርጭቆውን እንዳይፈስ ተጠንቅቆ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው፤ ከዚያ ሮጠ። አሥራ ሰባት ዓመት ሳውቀው ሚሊ ሲሮጥ አይቼ አላውቅም።

ስደርስ ቤቱ መሃል ቆሟል። እማማ ከመስኮቱ አጠገብ ወደ ጎን አዘንብለው ተቀምጠዋል። ሚሊ ወደ እኔ ዞሮ «አንቺ ግቢ» አለኝ። «እባክሽ፣ በፈጠረሽ፣ አንቺ ግቢ።» ያን ጊዜ አፌ ውስጥ ምንም ስፒል አልነበረም።

«እማማ፣ ይነሱ ልደግፍዎት» አልኳቸው። አንዴ ፊቴን አዩኝና ለምን እንደመጣሁ አወቁ። አልተከራከሩኝም። ክርክሩም አልቆባቸው ነበር መሰለኝ።

ከመጋረጃው ጀርባ ያየሁትን አልዘረዝርም። ከወገባቸው ሥር አጥንቱ ላይ ቆዳው ተከፍቷል፤ መዳፌን ያህላል፤ ዳር ዳሩ ቀልቶ መሃሉ ጠቁሯል። ከላይ እስከ ታች ስፌቷ የምታርፍበትን መንገድ ተከትሏል።

«እማማ! ምነው? ምነው እስከዚህ?»

«ቀስ በይ፣ ይሰማል» አሉኝ በሹክሹክታ። መጋረጃውን ነበር የሚያዩት። «ደስ ብሎት እኮ ነው የሰፋልኝ። ምን ልበለው? የሰፋህልኝ ወጋኝ ልበለው?» ከዚያ እጄን ጨበጥ አደረጉ። «ከጠየቀሽ ቀለም ነው በዪው።»

መጋረጃው ወፍራም ነው፤ ግን ያው ጨርቅ ነው። ስወጣ ሚሊ ወለሉ ላይ ቁጭ ብሎ አገኘሁት። ምንም አልጠየቀኝም።

ሐኪም ቤት ስድስት ቀን ተኙ። ቁስሉ አጥንት ደርሷል፣ መርዙ ደማቸው ውስጥ ገብቷል፤ በዚህ ዕድሜ ቀዶ ጥገናም አይችሉትም፣ ቤት ወስዳችሁ አስታሟቸው አሉን ሐኪሞቹ። አንዲት ዕድሜዋ የገፋ ነርስ ያቺን ልብስ በጓንት አንስታ ገለበጠቻትና ስፌቷን በአውራ ጣቷ ዳበሰች።

«ይህን የሰፋው ማነው?»

«እኔ ነኝ» አለ ሚሊ።

«ጠንካራ ነው» አለች። ልትሰድበው አልነበረም፤ ልታመሰግነውም አልነበረም። እርጥበቱ አለ፣ አየር የማያስገባው ጨርቅ አለ፣ ቀኑን ሙሉ መቀመጡ አለ፣ ይቺ ደግሞ ልክ አጥንቱ ላይ አለች ብላ በጣቷ አሳየችን። «የሚያያቸው ሰው ቢኖር በሳምንት ይታወቅ ነበር። ማን ነበር የሚያያቸው?» አለች።

የዚያኑ ዕለት ሚሊ ሹፌሩ ቤት ሄዶ አራቱን መልሶ ወሰደ። አባትየው ተራ መቅላት ብቻ ነው ያገኛቸው፤ እሳቸውን የሚያጥባቸው ሰው አለና። ሱቅ ውስጥ ተቀምጦ አራቱንም ሊቀድዳቸው ታገለ። ስፌቷ አልበጠስ አለችው። በመቀስ ጫፍ ክሩን አንድ በአንድ እየለቀመ እስኪመሽ ተረተረ፤ አጠገቡ ቁጭ ብዬ ቁልፍ ተከልኩ። ግድግዳው ላይ የሰቀላቸውን ወረቀቶች ያወረድኩት እኔ ነኝ።

እማማን ወደ ቤት ስንመልሳቸው ነርሷ ለሚሊ አሳየችው፤ በየሁለት ሰዓቱ እንዴት እንደሚያገላብጥ፣ ቁስሉን እንዴት እንደሚያጥብ፣ ዳይፐሩን እንዴት ከሥር እንደሚያነጥፍ። የገዛነው ርካሹን ነው፤ ሰው የሚያስረውን። «ውዱ አያስፈልግም። ተኝተው ነው፣ ሰው አላቸው፣ ይኸኛው ይበቃል» አለችን። እኔ ጠዋትና ማታ መሄድ ጀመርኩ። የተጠየቅሁት ይህንኑ ነበር። ቀኑን ግን ያለው ሚሊ ነው።

በሦስተኛው ቀን ነርሷ ልታይ መጣች፤ እኔም ነበርኩ። ሚሊ ከአልጋው አጠገብ ተንበርክኮ እየቀየራቸው ነበር፤ ዓይኑን ጨፍኖ። ጣቶቹ ጨርቅ ያውቃሉና አልተሳሳቱም፤ ማሰሪያዎቹን አግኝተው ፈቱ፣ አነሱ። እማማም ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ጨፍነዋል። ሐኪም ቤት ከገቡ ጀምሮ ለማንም ቃል አልተነፈሱም። የማያውቁት ሰው የገለጣቸው ቀን የተዘጋ አፋቸው እንደተዘጋ ነው።

«ምን እያደረግህ ነው?» አለች ነርሷ። «ሳታየው እንዴት ልታውቅ ነው? ዓይንህን ግለጥ!»

«እሺ» አለ ሚሊ። አልገለጠም። ሽፋሽፍቱ ይንቀጠቀጣል።

«ወንድሜ፣ ግለጥ እንጂ!»

«እሺ አልኩ እኮ።»

ከዚያ ከግድግዳው በኩል የእማማ ድምፅ መጣ፣ ደክሞ፣ ሻክሮ።

«እይ፣ ልጄ» አሉት። «አንተን ወልጄ ከማን ልደበቅ።»

ገለጠ። ሱሪ እንደሚያይ ተንበርክኮ፣ ጎንበስ ብሎ፣ ከዳር እስከ ዳር አየው። ቆይቶ አየው። እማማ ፊታቸውን አላዞሩም፤ ትራሱ ግን ርሶ ነበር።

ተናደድኩ። በእማማ ተናደድኩ፣ በእሱ ተናደድኩ፣ በራሴማ አይጠየቅም። ያቺን ቃል ከሦስት ወር በፊት ብለዋት ቢሆን፣ ወይም እሱ ሳይባል አይቶ ቢሆን፣ ወይም እኔ አፌን ከፍቼ ቢሆን ኖሮ፣ ከፋርማሲው መደርደሪያ ርካሹ ይበቃቸው ነበር።

አሥራ አንድ ቀን አያቸው። በየሁለት ሰዓቱ፣ ዓይኑን ገልጦ። በአሥራ ሁለተኛው ቀን ጠዋት ሊያገላብጣቸው ትከሻቸውን ሲይዝ ቀዝቅዘው ነበር።